ለሥልጠና የተነፋ ጥሩምባ

ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመው ይመጣሉ። ሴቶቹ ጭራሮና ውሃ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ከግራና ከተማ ገበያ በላይ ባለው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ የእጅ መታጠብ ፖስተር ግራር ላይ ሰቅዬ እጠብቃቸዋለሁ።

«ማነው የሞተው?» ይለኛል ቀድሞ የደረሰው ሰው፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ማንም አልሞተም። ለሥልጠና ነው የጠራናችሁ።»

ዶማውን ከትከሻው ሳያወርድ ዞሮ ጥሩምባ ነፊውን ኡበይደላን ያየዋል። ኡበይደላ ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ከቶ መሬት መሬቱን ያያል። ቀብር የሚያስተባብረው የመንደሩ እድር፣ ቅሬው ነው፤ ይህም ጥሩምባ የሚነፋው ከቅሬው ቤቶች በአንዱ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሲሰማ የሚቀር አባወራ የለም። ዛሬ እንዲነፋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ሌላ ምን ላድርግ? ከወንዙ ማዶ አተት ገብቷል፤ ተቅማጥና ትውከቱ ጤነኛን ሰው በአንድ ቀን ይጥላል። ሁለት ቀን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስንጣራ ውለን የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ስድስት ዓመት ከዚህ ርቄ የጤና ሙያ የተማርኩበት መጽሐፍ «ሕዝቡ የሚሰማውን የአካባቢውን መንገድ ተጠቀም» ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነኢማ ግን ጠዋት «ተው፣ ይቅርብህ» ብላኝ ነበር። ምክንያቷን ብጠይቃት «ምክንያት የለውም፣ አይደረግም ብቻ» አለችኝ። ያለ ምክንያት እሺ ማለትን ከረሳሁ ቆይቻለሁ።

ማንም እንዳልሞተ ሲታወቅ ሜዳው ላይ ሳቅ ይነሳል።

«አልሐምዱሊላህ። እኔማ የሞትኩት ራሴ መስሎኝ ነበር» ይላሉ አንዲት አሮጊት።

«ዶማውን እንዲሁ ከምንመልሰው ለዚህ ልጅ ሽንት ቤት እንቆፍርለት። ዘንድሮ ሌላ ወሬ የለውም» ይላል አንዱ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ኑርሁሴን አይስቁም።

«አንተ የዓለምነህ ልጅ» ይሉኛል። አባቴ የመርሳ ከተማ መካኒክ ነው፤ የዚህን መንደር ወፍጮ ሲጠግን ኖሯል። «አባትህ የማያውቀውን ሞተር አይፈታም ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው እንዲተርፍ ብዬ ነው።»

«ልብህን አላህ ያውቃል። ግን አንዴ ተነፍቷል፤ ስም መጠራት አለበት። ደንባችን ነው።»

እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀቴን አወጣለሁ። እሳቸው ወረቀት የላቸውም። ስልሳ ሦስቱን ቤት ከላይኛው ሰፈር ጀምረው በቃላቸው ይጠራሉ። «አለሁ» ይላል አንዱ። «አለሁ» ይላል ሌላው። እኔ ምልክት አደርጋለሁ።

«ሙስዐብ።»

እስክሪብቶዬን አንስቼ እጠብቃለሁ።

«ሙስዐብ» ይላሉ እንደገና፣ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሳቁ መቼ እንደቆመ አላስተዋልኩም። «ሙስዐብ ከቀብር ቀርቶ አያውቅም» ይላል አጠገቤ የቆመው ሰው። «የመጀመሪያውን አፈር የሚያነሳው እሱ ነው።»

ጎረቤቱ ነሲባ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። «ትናንት ከወንዝ ማዶ፣ ከሰርግ ተመልሰዋል። ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ። ዛሬ በራቸው ሲከፈት አላየሁም። ላሚቱ ሳትታለብ ስትጮህ አረፈደች። ደክሟቸው ነው ብዬ…»

ነኢማ ቦርሳዋን አንስታለች። ልከተላት ስል በክንዷ ታግደኛለች።

«አንተ እዚህ ሁን። አንድም ሰው እንዳይከተለኝ። የጠራሃቸው አንተ ነህ፣ አንተው ያዛቸው።»

ቁልቁለቱን ትወርዳለች። ቤቱ ከዚህ ይታያል፤ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተዘጋ በር፣ በረት ውስጥ የምትንጎራደድ ላም።

«ተቀመጡ» እላለሁ። «እባካችሁ። በሽታው ከሆነ፣ በሽተኛውን የነካ፣ በዚያ ቤት የበላና የጠጣ ይዞት ይመለሳል።» ፖስተሩ ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ። የሚቀመጥ የለም።

«ልጄ» ይላሉ ሼህ ኑርሁሴን በቀስታ። «ቅሬ ከተጠራ በኋላ ከመንገድ አይመለስም። የሆነ ነገር ቢሆን፣ እኛ ካልገባን ማን ያጥባቸዋል?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሚያጥበው የጤና ሠራተኛ ብቻ ነው። ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። እኚህን ሰው አይን አይናቸውን እያየሁ እንዴት እንደምናገረው ግን ማንም አላስተማረኝም።

ታች ነኢማ በሩን ታንኳኳለች። ትጠብቃለች። ከዚያ በትከሻዋ ገፍታ ትገባለች።

ስትወጣ ሻሿን አፍንጫዋ ድረስ ስባዋለች። ወደ እኛ አትጣራም፤ እጇንም አታውለበልብም። ደጃፉ ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ትዘረጋና የበሩን መቃኖች ግራና ቀኝ ትይዛለች፣ ሰው እንዳያልፍ።

ከኋላዬ ዶማዎቹ አንድ በአንድ ከመሬት ሲነሱ ይሰማኛል።

ኡበይደላ ጥሩምባውን ከጋቢው ያወጣል። አፉን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ሁልጊዜ ትእዛዝ የሚጠብቀው ከዳኛው ነበር። አሁን ልንፋ ወይ ብሎ የሚያየው እኔን ነው።