በዓይን የታየ እፉኝት

ዶክተር ጸጋብርሃን ጥናቱ ውሸት ሆኖ ቢያገኘው ደስ ይለው ነበር።

ድሮ መቀሌ የሕክምና መምህር ነበር፤ አሁን ድንበር ተሻግሮ ከገዳሪፍ ወዲህ ባለ የስደተኞች መጠለያ ይኖራል። እንጀራው በሕክምና መጽሔቶች የወጡ ጥናቶችን እየመረመረ «ይታመናል»፣ «አይታመንም» ማለት ነው። ውጭ አገር ያለ ድርጅት ጥናቱን በስልክ ይልክለታል፤ እሱ ጉድለቱን ይለቅማል። በዚህ ሥራ ምሕረት የሚባል ነገር አያውቅም።

በዚህ ክረምት የደረሰው ጥናት ግን የጎረቤት ነበር። ዶካ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ፣ ሰሊጥ ሲያርሙና ሲያጭዱ እፉኝት በነደፋቸው ሠራተኞች ላይ የተሞከረ የማርከሻ መርፌ ጥናት ነው። ድምዳሜው አጭር ነው፦ መርፌው ግማሽ ያህሉን አላዳነም፤ ስለዚህ አይረባም። ጸጋብርሃን «ይታመናል» ካለ መርፌው ከድንበሩ ክሊኒኮች ሁሉ ይነሳል። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋው ወዲህ ደግሞ ሌላ መርፌ የሚያመጣ የለም።

አንድ ነገር አልዋጥለት አለ። እፉኝቱ ያው፣ መርፌው ያው፤ አንዱ ድኖ ወደ ሰሊጡ ይመለሳል፣ ሌላው ይሞታል። ብዙ የተጭበረበረ ጥናት አይቷልና፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ቶሎ ሰው ጠረጠረ። መርፌውን የምትወጋው ሲስተር ዙፋን ናት። የማቀዝቀዣው ቁልፍም በእሷ እጅ ነው። ገዳሪፍ ገበያ ላይ መድኃኒት በጓሮ እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም።

በዶካ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ።

ዙፋን የመተማ ልጅ ናት፤ ፈገግታ አታበዛም። ማቀዝቀዣውን ከፍታ አሳየችው። ብልቃጦቹ እንደታሸጉ ተደርድረዋል።

«አንቺ ሳትኖሪ ማን ይወጋል?»

«ማንም። ምነው ዶክተር፣ የሰማችሁት ነገር አለ?»

«ታዲያ ግማሾቹ ለምን ሞቱ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሌባ እንባም እንባ ነው ብሎ በልቡ አለፈው።

«የነደፋቸው እፉኝት ለመሆኑስ?»

«ያለ እባብ መርፌ የለም፤ ደንባችን ነው። መርፌው ለእፉኝት ብቻ ነዋ፤ በከንቱ እንዳያልቅ። በመጀመሪያው ክረምት ባዶ እጁን የመጣውን፣ ሌላ እባብ ያመጣውን ስንመልስ ከረምን። ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ! አሁን ሁሉም አውቆታል። እፉኝቱን ሳይዝ የሚመጣ የለም።»

ፎቶዎቹን አሳየችው። ከየታካሚው ያበጠ እግር አጠገብ የተገደለ እፉኝት ተዘርግቷል፦ ራሱ የተጨፈለቀ፣ የጅራቱ ጫፍ የተቆረጠ፣ በመንገድ እንዳይሸት ጨው የተነሰነሰበት። ከታየ በኋላ ለዘመድ ይመለሳል። ሠራተኞቹ የነደፈውን እባብ ዘመድ በእጁ ካላቃጠለው ጓደኛው ተከትሎ ይመጣል ይላሉ፤ አጥኚዎቹም ልማዱን አክብረዋል። ጸጋብርሃን ይህን ወደደላቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሰነበተ። ከሀዋታ በኩል አንድ ጎልማሳ፣ ከቅርብ እርሻ ደግሞ ብርሁ የሚባል ወጣት በትራክተር ተጭነው መጡ። እፉኝቶቹን ራሱ አያቸው። ብልቃጡን ራሱ ከፈተ፣ ራሱ ወጋ። ብርሁ ዳነ። ጎልማሳው የዶክተሩን እጅ እንደያዘ አረፈ።

ጸጋብርሃን ዙፋንን ቀና ብሎ ማየት አፈረ። «ሲስተር፣ ይቅር በይኝ። ክፉ አስቤብሽ ነበር።»

«እኔስ ሌባ በሆንኩ» አለች፤ «መርፌው ደህና በሆነና እኔን ባሰራችሁኝ።»

ከዚያ በኋላ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አላገኘም። ልቡ እያዘነ ጻፈ፦ «ይታመናል። የነደፈው እባብ በእያንዳንዱ ታካሚ ላይ በዓይን ታይቷል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በትልልቅ ሆስፒታሎችም አላየሁም።» ሰሊጡ ሳይታጨድ መኪና መጥቶ ብልቃጦቹን ጭኖ ሄደ።

እሱ ግን አልሄደም። መርፌ በሌለበት የሐኪም እጅ እንኳ ይኑር ብሎ ከዙፋን ጋር ቀረ።

በአጨዳው መካከል አንድ ትራክተር በር ላይ ቆመ። ይታያል የሚባል ሠራተኛ ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል፣ ድዱ ይደማል። እህቱ ሸጊቱ፣ የሠራተኞቹ ካምቦ ወጥ ሠሪ፣ ደግፋ አስገባችውና የሰሊጥ ጆንያ መሬት ላይ አኖረች። አፉን ፈታ ጨው የለበሰውን፣ የጅራቱ ጫፍ የተቆረጠውን እፉኝት አሳየቻቸው።

«ይኸው፣ ስሙን ቄስ ይጥራው፣ ይዤዋለሁ። ቶሎ ውጉልኝ!»

«መርፌው ማፊ፣ የለም፣ እህቴ» አለች ዙፋን። «ኸላስ፣ አለቀ። አይሠራም ተብሎ ወሰዱት።»

«ምን ማለት ነው አይሠራም? ብርሁን ያዳነው ምንድን ነው ታዲያ?»

ጉሉኮስ ሰቀሉለት፤ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ይታያል ውሃ ውሃ እያለ ቆየና ጸጥ አለ። ሸጊቱ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ጸጋብርሃንም አብሯት አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ዙፋን አይታው አታውቅም።

አስከሬኑን ጠቅልለው ትራክተሩ ላይ ጫኑት። ጸጋብርሃን ጆንያውን አንስቶ ወደ ጓሮ ሊወጣ ሲል ሸጊቱ ሮጣ ደረሰችበት።

«በዚህ ሐዘንሽ እሱን ደግሞ አትሸከሚ፤ እኔው ላቃጥልልሽ» አላት።

«ኧረ በማርያም ዶክተር፣ እንዳታቃጥሉት» አለች ጆንያውን እየተቀበለችው፤ «የታችኛው ካምቦ ሰዎችም የተነደፈ ልጅ አለባቸው፤ ቶሎ መልሱልን ብለውኛል።»