የአስካለ ቃል

በዚያ ዘመን ከለጋሽ ጋር ውል የፈረመ የማኅበር ሊቀመንበር ሁሉ ከአፉ አንድ ቃል ይወሰድበትና የለጋሹ ቃል ይተካበት ነበር። የጦሳ ተራራ ሥር እድር ሊቀመንበር አስካለ ከዓመት በፊት ለእድሩ ሕሙማን መድኃኒት ብላ ስትፈርም «ጎረቤት» ተወሰደባት።

አንድ ጠዋት አጥር ለምትጋራትና ታማ ለተኛችው ለዘምዘም ሾርባ ይዛ ገባች።

«ቀና በይ እንጂ፣ ተጠቃሚዬ!» አለ አፏ።

ዘምዘም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አርባ ዓመት እሳት ተጫጭረን፣ ዛሬ ተጠቃሚሽ ሆንኩ?»

ሾርባው ሳይነካ ቀዘቀዘ። አስካለ ነጠላዋን አጣፋች። «ምርኩዝሽን ያዢ። ውሉ የሚታደሰው ዛሬ ነው፤ እኔ የማልችለውን ቃል አንቺ ትይልኛለሽ።»

በእድሩ አዳራሽ የለጋሹ ተወካይ ናሆም ወረቀቱን ዘረጋ። «እንደ አምናው ነው፣ እትዬ አስካለ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«እንደ አምናውማ አይሆንም። የኔን ቃል ትመልሳላችሁ። አጋር ነን ካላችሁ ደግሞ እናንተም ‹ለጋሽ› የሚለውን ትሰጡናላችሁ።»

«በምን ሊተካ?»

«ጎረቤት በሚለው» አለች ዘምዘም፣ ምርኩዟን መሬት ላይ መትታ።

«እምቢ ካልንስ?»

«እናንተ ሳትመጡም ሕሙማናችንን እናስታምም ነበር» አለች አስካለ። «እንዲያው ይከብደናል እንጂ አንተውም።»

ናሆም ብዙ አመነታና ሁለቱን ቃላት ውሉ ላይ ጨምሮ ፈረመ። ከዚያ እንደ ልማዱ ለንግግር ተነሣ። «እኛ ጎረቤቶቻችሁ...» አለና በገዛ አፉ ደነገጠ።

አስካለ ወንበር ሳበችለት።

«ጎረቤት ከሆንክማ ቁጭ በል» አለች፣ ዓመት የራቃትን ቃል እያጣጣመች። «ቆሞ የሚያወራ እንግዳ ነው።»