ለሙከራ የወጣ አውቶቡስ

«አውቶቡሱ ውስጥ ካንተ ሌላ ሰው ነበር?» ይለኛል የትራፊክ መርማሪው፣ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ ደግኖ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሕዝብ ለማመላለስ የሚጠየቀው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የለኝም። የጠገንኩትን መኪና ለሙከራ ሳወጣ ደንቡ ማረጋገጫ አይጠይቀኝም፤ ባዶውን እስከነዳሁት ድረስ ነው እንግዲህ። አንድ ሰው ከጫንኩ ግን አለቀልኝ፣ ዘብጥያ ነው።

«ማንም አልነበረም» እላለሁ።

ነበሩ እንጂ! አንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ሲያውለበልቡ አንጀቴን በሉት። «እማማ፣ ይሄ ለሙከራ የወጣ ነው፤ ሰው አይጭንም» ብላቸው፣ «እኔ ደግሞ ምኔ ሰው ነው? አጥንት ብቻ!» ብለው አሳቁኝ። መንገዳቸው እስከ ጤና ጣቢያው ነበር።

ልንደርስ ስንል ተነስተው በሩ ጋ ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ ይመርቁኛል። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ እኔ ግን እንድሠራ የተሰጠኝ ፍሬኑን ነው፣ ስለ በሩ ምን አገባኝ። ወደፊት ሳይ መንገዱ ጭር ብሏል። እግሬ የለመደውን አደረገ፤ ሁሌም ለሙከራ እንደማደርገው ፍሬኑን ሲጥ አድርጌ ያዝኩት። አውቶቡሱ ቀጥ አለ! እኔ ጅሉ በሥራዬ ኮራሁ። ዞር ስል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እማማ የሉም።

ሰው ሲሰበሰብ እማማ አስፋልቱ ላይ ወድቀው ነበር። «ድንገት ገቡብኝ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

መርማሪው ይጽፋል። «እግረኛ፤ ሳይጠነቀቁ መንገድ ሲያቋርጡ።» እንድፈርም ቅጹን ወደ እኔ ይገፋዋል። እፈርማለሁ።

የቢሮው በር ይከፈትና የእማማ ልጅ ትገባለች። ፊቷ በለቅሶ አባብጧል። ስድቧን እየጠበቅኩ አቀረቅራለሁ፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። እሷ ግን ቀኝ እጄን በሁለት እጆቿ ትይዘዋለች።

«ወንድሜ፣ እናቴን ይቅር በላት» ትለኛለች። «አስከሬኗን ሲሰጡኝ መነጽሯ የለም። ያለ መነጽር ወጥታ ነው። አውቶቡስህን በምን ዓይኗ ትየው? አንተንም ጣጣ ውስጥ ከተተችህ።»

«ኧረ ምንም አይደል» እላለሁ።

እጄን አትለቀውም። በግራ እጄ፣ ከአውቶቡሱ ወለል ላይ ያነሳሁትን መነጽር ኪሴ ውስጥ ጨብጬዋለሁ።