የእትዬ ዘርትሁን ሙሾ

በኛ ኮንዶሚኒየም ለቅሶ ላይ ጮሆ ማልቀስ ከተከለከለ ስድስት ዓመት ሆነው። ሙሾው አስቀድሞ ቤት ውስጥ ይቀረጻል፣ ማሽን ያለሰልሰዋል፣ ከዛ ድንኳን ውስጥ ይከፈታል። ጋሽ ግዛቸው ሲሞቱ የግቢው ሙሾ ቀራጭ እኔ ነኝና ባለቤታቸው እትዬ ዘርትሁን እኔ ጋ መጡ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ብርድ ልብስ ሰቅዬ አምስት ጊዜ ቀረጽኳቸው። ማሽኑ ጥሩ ያለውን አረንጓዴ፣ ድምጻቸው የተሰበረበትን ቀይ ቀባና አረንጓዴውን ብቻ ገጣጠመው።

አሰማኋቸው።

"ይቺ ደግሞ ማናት?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እትዬ!"

"እኔ? የአየር ሁኔታ የምታነበዋን ነው የምትመስለው! 'ግዛቸው' ስል ሳግ ያነቀኝ የት ሄደ?"

"ማሽኑ ጣለው።"

"አንተስ? ማሽን ነህ?"

በጣም አፈርኩ። አረንጓዴውን በሙሉ አጠፋሁና ከአምስቱም ቀይ ቀዩን ለቅሜ ገጠምኩ።

ድንኳን ውስጥ ስከፍተው ስድስት ዓመት የታፈነው ሰው ሁሉ አብሮ ፈነዳ። የግቢው ዘበኛ እየሮጠ ገባ።

"ማነው እንዲህ የሚያለቅሰው?"

እኔ ስፒከሩን ላጠፋ ስል እትዬ ዘርትሁን እጄን ያዙኝና ተነሱ።

"እኔ ነኝ! ስሜን ጻፍ። ስትጨርስ እዚህ ቁጭ በል፤ ግዛቸው አንተንም ይወድህ ነበር።"