እሽ የማትባል ዝንብ

ንቦቹ ካለቁ ወዲህ ኑጉ ፍሬ የሚይዘው በዝንብ ነው። ስለዚህ ዓይነቷ በፎቶ ያልተለየችን ዝንብ እሽ ማለት ክልክል ነው።

ስንዱ ወጧን ስታማስል አንዲት ዝንብ መጥታ የልጇ የትብለጥ ዓይን ጥግ ላይ አረፈች። ስንዱ በስልኳ ፎቶ አነሳቻት።

«ጀርባዋ በደንብ አልታየም፤ ደግመው ያንሱ» አላት ስልኩ።

«እንደ ኑጉ ዝንብ ቢጫ ቀለበት አላት እንዴ?» አሉ ደጃፍ የተቀመጡት ጎረቤቷ እማማ ደብሪቱ።

«የለም፣ ጥቁር መስመር ነው። የቤት ዝንብ ትመስለኛለች።»

«መምሰል ምን ያደርጋል፤ አንሺያት እንጂ!»

ደግማ አነሳች።

«የቤት ዝንብ። እሽ ማለት ይችላሉ።»

ስንዱ በነጠላዋ ጫፍ አባረረቻት። ትብለጥ ግን ንቅንቅ አላለችም። ፎቶው እንዳይበላሽ ዓይኗን እንዳፈጠጠች ነበር። ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

«በቃ የኔ እናት» አለቻት ስንዱ፣ «አሁን ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ።»