ክንፍ የሌላት

በዚያ የደሴት ገዳም እንስት ፍጥረት አትገባም፤ ዶሮ እንኳ ብትሆን። አባ ኅሩይ እዚያ ከመነኮሱ ሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ታንኳ ተሳፍረው አያውቁም። ወንድሞቻቸውን የሚያስቸግሩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ስሞት ልብሴን ሳታወልቁ፣ ሳታጥቡ ቅበሩኝ" እያሉ ያስምሏቸዋል። መነኮሳቱም "ትሕትናቸው ነው" ይላሉ።

ዘንድሮ አንድ ተመራማሪ ከከተማ መጣ። ሌላ አገር የማትገኝ የእሳት እራት እዚህ አለች ብሎ ሳምንት ሙሉ ከዛፍ ዛፍ ሲዞር ሰነበተ። በመጨረሻው ቀን አባ ኅሩይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ተንበርክኮ፣ የጎጇቸውን ግድግዳ በአጉሊ መነጽር ሲያይ አገኙት።

"አገኘኋት፣ አባ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስከ ዛሬ የምናውቀው ወንዱን ብቻ ነበር። ሴቷ ይቻትና።"

አባ ኅሩይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ግድግዳው ጎንበስ አሉ። "ሴት? እዚህ?"

"ክንፍ የላትም፤ ቅርፊት መስላ ተለጥፋ ነው የምትኖረው። ከደሴቱ መውጣት አትችልም። አበምኔቱን ጠርቼ ላሳያቸው?"

"ካወቁማ አያስቀምጧትም። እስከ ዛሬ ማን አያት? እንደኖረች ትሙት፣ ልጄ።"

ሰውየው ቅር እያለው እሺ ብሎ ወደ ታንኳው ወረደ።

አባ ኅሩይ ጎጇቸው ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ። ቀሚሳቸውን አወለቁ፤ ጡታቸውን ጠፍሮ የያዘውን ጨርቅ ዙር በዙር ፈትተው እንደ ልባቸው ተነፈሱ። የሠርክ ደወል ሲደወል መልሰው ጠመጠሙት።