ፀሐይ ያልበላው ጣሪያ

ጣሪያው ልክ ከሆነ ስልሳ ሺህ ብር፣ ካልሆነ ሠላሳ ሺህ። ውሉ ይኸው ነበር።

ሠሪው ትንንሽ የጦር መኪኖችን ገጣጥሞ፣ ፀሐይ የበላቸው እንዲመስሉ ቀለም እየቀባ ይሸጣል። አንድ ብረት ለበስ አሥራ አንድ እጅ ቀለም ይወስዳል። አረንጓዴው ከሥር ይሆናል፤ በላዩ እየሳሳ የሚሄድ ግራጫ፣ መጨረሻ ላይ በስፖንጅ ጫፍ የሚነካካ ዝገት።

ደንበኛው ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ነው። የአንድ ብረት ለበስ አራት ፎቶ ሰጠው፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ዘጠኝ ወር በረሃ ላይ የቆመ መኪና ነው አለ።

"የጣሪያውስ ፎቶ?"

"የለኝም። ከተማው ውስጥ ወታደር የነበረ ሰው አይጠፋም፤ ጠያይቅ። ትክክለኛውን ሳየው አውቀዋለሁ።"

ይህን ሲል ዓይኑ ወደ ጓሮ በር ሄደ። ደብተር አውጥቶ የሠሪውን አድራሻ ጻፈ። ደጅ የቆመችው መኪናው መስታወቷ ጥቁር ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጥላ ብቻ ይታያል።

የሠሪው ሚስት ሂሳቡን ወዲያው ሠራችው። አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋል፤ አርባ ስምንት ሺህ። "በሠላሳው ደጅ ነን፣ በስልሳው ቤት ነን" አለች።

በጓሮው ክፍል አንድ ሽማግሌ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ጋሼ ይሏቸዋል። ጠያቂ የላቸውም። ከምሳ በኋላ ሠሪው አጠገብ ተቀምጠው ሥራውን እያዩ ይቀልዱበታል፤ እኔን ደግሞ በአንድ እጅ ቀለም አድሰኝ ይሉታል። ያን ቀን ግን በፎቶው ላይ የመኪናውን ቁጥር ሲያነቡ ቀልዱ ቀረ።

"ጣሪያውን ሁሉንም አታንጣው" አሉ። "ሾፌሩ እዚያ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ነበር የሚተኛው። ፍራሹ የሸፈነው አልነጣም፤ በሰው ቁመት ልክ አረንጓዴ ነው።"

"በምን አወቁ ጋሼ?"

"ፍራሹ የኔ ነበራ።"

ቀስ እያሉ የቀረውን ነገሩት። መኪናውን ጥለው ጠፉ፤ ስማቸውን ቀየሩ። አብሯቸው የጠፋው ተኳሽ ከስምንት ዓመት በኋላ ተይዞ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ዱካ እንዳይሆንባቸው ብለው ከዚያ ወዲህ ለቤታቸውም አልጻፉም።

ሠሪው የፍራሹን አሻራ ቀባው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ጣሪያ ሠርቶ አያውቅም።

ደንበኛው በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለ። ጣሪያውን አገኘኸው ወይ፣ ማን ነገረህ፣ የት ነው የሚኖረው። በሦስተኛው፣ የነገረህን ሰው ካሳየኸኝ መቶ ሺህ እጨምራለሁ አለ።

ሠሪው ስልኩን ዘግቶ ሚስቱን አያት። እሷ የምታሰላበትን ወረቀት አጣጠፈችው።

"ጋሼን ሸጠን ኪራይ አንከፍልም" አለች። "ጣሪያውን ሁሉንም አንጣው።"

በተቀጠረው ቀን ጋሼ በራቸውን ከውስጥ ቀረቀሩ። ደንበኛው ጎኖቹን ዞር ብሎም አላየ፤ ሞዴሉን አንስቶ ጣሪያውን ብቻ ተመለከተ። ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ ነጥቷል።

"ማንም አልነገረህም?"

"ማንም።"

ሠላሳ ሺውን ጠረጴዛው ላይ ቆጥሮ፣ ሞዴሉን ታቅፎ ወጣ። ሠሪው በሩን ዘግቶ ተነፈሰ።

ደንበኛው መኪናው ውስጥ ገባ፤ ደብተሩ ላይ የመጨረሻውን መስመር ሰረዘና ከኋላ ወደተቀመጡት አሮጊት ዞረ።

"እማዬ፣ ሰባት ከተማ፣ ሰባት መኪና፣ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብር፤ አባዬ በደብዳቤ የጻፈልሽ ፍራሽ ግን በአንዱም ጣሪያ ላይ የለም።"